ለሚሚ፦ «እማዬ በይኝ» አትበያት

ሚሚዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። በስልክ ስጀምርልሽ «እሺ እቴቴ፣ ገባኝ» ትይና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ይሄን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቡናሽን አፍልተሽ፣ ስልክሽን ድምፁን አጥፍተሽ።

እሁድ ዕለት አክስትሽ ደውላ ነበር። «ሙሽራዋ እንዴት ሆነች?» ስላት ዝም አለች። የእሷን ዝምታ ታውቂዋለሽ። ለምኜ ለምኜ ነው የነገረችኝ። የእጮኛሽ ልጅ ስለ ሰርጉ ስትሰማ «የእንጀራ እናት አልፈልግም» ብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች አለችኝ። አንቺ ደግሞ ከበሩ ውጪ መሬት ላይ ተቀምጠሽ «ከአሁን በኋላ እኔም እናትሽ ነኝ፣ ማማ በይኝ» እያልሽ ስታለቅሺ ነበር። ማታ ላይ ሆዷ እንዲራራ ብለሽ ፊልም ከፈትሽላት። እሷ መሃሉ ላይ ተነስታ ሄደች።

ልቤ ድንግጥ አለ። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ዛሬውኑ ከበሩ ላይ ንቀይና ደብቂው። የስምንት ዓመት ልጅ ከውስጥ ቆልፋ አዳልጧት ብትወድቅ ምን ልታደርጊ ነው? በር ልትሰብሪ? ቁልፉን ንቀይ፣ ከዚያ ሌላውን አንብቢ።

ሌላው ይሄ ነው። «እማዬ በይኝ» አትበያት። በአማርኛም በጀርመንኛም አትበያት። እናቷ ሽቱትጋርት ያለች፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች የምትወስዳት ሴት ናት። እናቷ በህይወት ባትኖር እንኳ ይሄንኑ ነበር የምልሽ።

የፊልሙ ነገር በጣም አሳዘነኝ። አክስትሽ ስሙን አታውቀውም። ግን «ቀይ ፀጉር ያላት ሴትዮ ቀስ በቀስ ክፉ የምትሆንበት» ስትለኝ ወዲያው አወቅኩት። ባለፈው ክረምት አንቺ ጋ ስመጣ በታብሌትሽ አብረን ያየነው ዲስኢንቻንትድ ነው። አንቺ የወደድሽው መጨረሻውን ነው። እኔም ወድጄዋለሁ። ልጅቷ ግን መጨረሻው ጋ አልደረሰችም። እሷ ያየችው መሃሉን ነው።

መሃሉ ላይ ደግሞ ምን አለ? ቀይ ፀጉሯ ጂዜል ከባሏ፣ ከእንጀራ ልጇ ከሞርጋንና ከጨቅላዋ ጋር ኒውዮርክን ለቃ ትንሽ ከተማ ትገባለች። ቤቱ አላለቀም። ሞርጋን ጎረምሳ ሆናለች፣ አኩርፋለች። ጂዜል ሲጨንቃት በምትሃት ዱላ ኑሯቸው እንደ ተረት እንዲሆን ተመኘች። ተረት ውስጥ ደግሞ የእንጀራ እናት ክፉ ናት። እናም ክፉ መሆን ጀመረች። ክፉ ሁኚ ብሎ የረገማት የለም። የለወጣት ስሟ ነው። ሰዓቱ ወደ እኩለ ሌሊት በተጠጋ ቁጥር ከአንድ አፍ ሁለት ድምፅ ይወጣል፣ አንዱ የሚያባብል፣ አንዱ የሚናከስ። ኤሚ አዳምስ ያንን ስትሰራው አይኔን መንቀል አልቻልኩም ነበር። ግን ጠዋት በር ለቆለፈች ልጅ ማታ ይሄ ይታያል? ልጅቷ የፈራችውን ነገር ራሱን አመጣሽላት እኮ።

ማሳየት የነበረብሽ አንደኛውን ክፍል ኢንቻንትድን ነው፣ በፈረንጅ የ2007ቱን። ሁለተኛው የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ በ2022 ነው። አንደኛውን በልጅነቱ ያየ ሰው አድጎ፣ ራሱ ትዳር ውስጥ ገብቶ እንዲያየው ይመስለኛል። ለአንቺ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። ለእሷ ገና ነው።

አንደኛውን ያየንበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ? በእኛ 2000 ዓ.ም. ነበር። ዘጠኝ ዓመትሽ። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባትሽ መስክ ወጥቶ ነበር። ሰፈር ካለው ሲዲ ቤት ተከራይተን መጣን። ዲቪዲው ጭረት ነበረው፣ በቆመ ቁጥር አንቺ አውጥተሽ በቀሚስሽ ጫፍ እየጠረግሽ ትመልሺው ነበር። እንግሊዝኛውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ትሰሚው ስለነበር የምትተረጉሚልኝ አንቺ ነበርሽ። ሞርጋን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ትታት ሄዳለች። ጂዜል ከካርቱን አገር ተገፍትራ ኒውዮርክ ላይ የወደቀች። ሁለቱ የአባትየውን ክሬዲት ካርድ ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ከዚያ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሞርጋን ትጠይቃታለች፣ ከእናት ጋር ገበያ መውጣት እንዲህ ነው ወይ ብላ። ጂዜል እሷም ከእናቷ ጋር ወጥታ እንደማታውቅ ትነግራታለች። ሞርጋንም ወጥታ አታውቅም። ግን ደስ ብሏታል። በቃ፣ ይሄው ነው።

አንቺ ይሄን ተርጉመሽልኝ ዝም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ።

ጂዜል እዚያ ወንበር ላይ «እንግዲያው እኔ እናት ልሁንሽ» አላለቻትም። ይሄን ልብ በይልኝ። እኔ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም ነበር። እኔ ብያለሁና።

አሁን የምነግርሽን አባትሽም አያውቀውም።

ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የእናትሽ ፎቶ ነበር፣ በእንጨት ፍሬም። ነጠላ ለብሳ፣ አንቺ የሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ ከፊቷ ቆመሽ፣ ግራ እጇን ትከሻሽ ላይ አድርጋ። ወደዚያ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር እናቴና ወንድሞቼ ሊጠይቁኝ መጡ። በዋዜማው ፎቶውን አወረድኩት። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤቱ የእኔ ቤት እንዲመስል ፈለግኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ስር፣ መሬቱ ላይ አስቀመጥኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። እንግዶቹ ሄዱ። አልመለስኩትም። ክረምቱ ገባ።

ግድግዳው በከሰልና በዕጣን ጭስ ጠይሟል። ፎቶው የነበረበት ቦታ ብቻ ቀለሙ እንደ አዲስ ነጣ ብሎ፣ ከላዩ ሚስማር ቀርቶ ነበር። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን ሳታወርጂ እዚያ ስር ትቆሚ ነበር። አንድም ቀን «የት ሄደ?» አላልሽኝም። ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቀይ ጫማ ገዛሁልሽ። «እማዬ ካልሽኝ እሰጥሻለሁ» አልኩሽ። አልሽኝ። አንገትሽን ደፍተሽ፣ አንድ ጊዜ። ጫማውን ተቀበልሽኝ። ሌሊት አልጋሽን አረጠብሽ። ያን ጫማ አንድም ቀን ሳታደርጊው ጠበበሽና ለጎረቤት ልጅ ሰጠነው።

ሚሚ፣ የምለምንሽ ለዚህ ነው። «እማዬ በይኝ» አትበያት። በስጦታ አትግዢው፣ በለቅሶም አትግዢው። በር ስር ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሰማች ልጅ «እሺ» ልትል ትችላለች። እንደዚያ ያለውን እሺታ እኔ አውቀዋለሁ።

መብራት የጠፋ ለት ሻማ ልፈልግ ስነሳ ቀሚሴን ይዘሽ ተከተልሽኝ። ጨለማ ትፈሪ ነበር። ከዚያ መጥተሽ ጭኔ ላይ ተቀመጥሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እቴቴ፣ የእንጀራ እናት ሁሉ እንደ ንግሥቲቱ ናት?» አልሽኝ። ክፉዋ ንግሥት የልዑሉ የእንጀራ እናት ናት እኮ። «እኔ እንጃ» አልኩሽ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በማግስቱ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ ስር አወጣሁት። እርጥበት ገብቶበታል። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ላላቅቀው ስሞክር ጥጉ ተቀደደ። እጇ ያለበት ጥግ። ትከሻሽ ላይ የነበረው እጅ መስታወቱ ላይ ቀረ። የተረፈውን በሌላ ፍሬም አድርጌ ከመምጣትሽ በፊት ሰቀልኩት።

አንድ ቀን ለጓደኛሽ ፎቶውን ስታሳያት «ትንሽ ሆኜ እኔ ሳልቀደው አልቀርም» ስትያት ሰማሁሽ። ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰሌን ቀጠልኩ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አላረምኩሽም። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።

ምክር ልጽፍልሽ ተቀምጬ የራሴን ዘረገፍኩት። ግን ይሄን ሳልነግርሽ እንዴት ልምከርሽ?

ሃናው የወሰድሽኝን ቀን አስታወስኩ። ገበያው መሃል የተረት ሰብሳቢዎቹ የግሪም ወንድማማቾች ሃውልት አለ፣ አንዱ ተቀምጦ፣ አንዱ ቆሞ። የተወለዱባት ከተማ ናት። አንቺ ኪንደርጋርተኑ ውስጥ ለልጆች ስታነቢ ስለምትውዪ ታሪካቸውን በቃልሽ ትወጪው ነበር። በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያው መጽሐፍ ስኖው ዋይትን ልታስገድል ጫካ የላከቻት ወላጅ እናቷ ነበረች አልሽኝ። በ1819 እትም ላይ ግን እናትየዋ ልጅቷን ስትወልድ ትሞታለች፣ የእንጀራ እናት ትመጣለች። ሃንሰልና ግሬተልንም ጫካ ያስጣለቻቸው መጀመሪያ እናታቸው ነበረች። ኋላ ነው የእንጀራ እናት የተደረገችው። እናት እንዲህ ታደርጋለች ብሎ ለልጅ ማንበብ ከብዷቸው ይሆናል። ይገባኛል። ግን ያን ሁሉ ክፋት የሚሸከም ሰው አስፈለገ፣ እኛ ተገኘን። ያን ቀን ሃውልቱ ስር አይኔ ሲያነባ አንቺ ፀሐዩ መሰለሽ።

የእኛ ቃል ግን ውስጡ እንጀራ አለበት። የእንጀራ እናት። ልጅ ሆኜ ስድብ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስራውን የሚናገር ነው የሚመስለኝ። አንቺ እንጀራውን ያዢ፣ እናቱን ተዪላት። ምሳዋን ቋጥሪላት። ዳቦዋ ላይ ምን እንደምትወድ እወቂ። ስትታመም ሌሊት ተነሺላት። ሽሮ እንዳታስገድጃት፣ ሲሸታት ራሷ ትመጣለች። ፀጉሯን ሳትፈቅድልሽ እንዳትነኪ። እናቷ ቅዳሜ ስትመጣ በሩን አንቺ ክፈቺላትና ግቢ በያት። ቡና አቅርቢላት። እናቷ የሰጠቻት ነገር ቤት ውስጥ ካለ፣ ፎቶም ይሁን አሻንጉሊት፣ ቦታውን እንዳታነቃንቂው። አቧራውን ብቻ ጥረጊለት።

ሌላ ፊልም ላሳያት ካልሽ የ2014ቱን ማሌፊሰንት አሳያት፣ ትንሽ አደግ ስትል። ከአገራችን ልጅ ወስዳ ያሳደገችው አንጀሊና ጆሊ የሰራችውን። እዚያ ላይ የተኛችውን ልጅ የልዑሉ መሳም አይቀሰቅሳትም። የሚቀሰቅሳት የረገመቻት ሴት ግንባሯን ስትስማት ነው። አጥፍታ፣ ተጸጽታ፣ ከሩቅ ሆና ስታሳድጋት የኖረች ሴት። ያንን ስመለከት የትኛውን ጥግ እያሰብኩ እንደነበር አሁን ታውቂያለሽ።

የ2019ኙን ሁለተኛውን ክፍል ግን አደራ፣ እስክታድግ አታሳያት። ጦርነቱ ይበዛል። እሱን ያየነው ወደ ጀርመን ልትሄጂ ጥቂት ሳምንት ሲቀርሽ ነበር። አውሮራ፣ ያቺ ተኝታ የነበረችው ልጅ፣ ልታገባ ነው። አማት ቤት እራት ተጠሩ። አውሮራ ማሌፊሰንትን ቀንድሽን ሸፍኚልኝ ብላ ለመነቻት። ያ ሁሉ ግርማ ያላት ሴት ቀንዷን በጨርቅ ሸፍና፣ ፈገግታ ተለማምዳ ሄደች። ከዚያ አማቲቱ እራት ላይ አውሮራን ከእንግዲህ የእኔ ልጅ ናት ስትል የማሌፊሰንትን ፊት አየሽው?

አንቺ የተመረቅሽ ለት የእናትሽ ቤተሰቦች ከፊት እንዲቀመጡ ብዬ ሁለት ረድፍ ወደኋላ ሄድኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ፎቶ ሲነሱ ቦርሳቸውን ያዝኩላቸው። ሲኒማው ውስጥ ያ ጨርቅ ቀንዷ ላይ ሲጠመጠም በጨለማው እጄን ያዝሽኝ። ምንም አላልሽም። እስኪያልቅ አልለቀቅሽኝም።

ሰው እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ክፍል ለገንዘብ ብለው ነው የሚሰሩት ይላል። አንዳንዱ ላይ እውነት ነው። የስኖው ዋይትና የአዳኙ ሁለተኛ ፊልም፣ የ2016ቱ፣ ባለታሪኳ ስኖው ዋይት የለችበትም ማለት ይቻላል። ለልጅም አይሆንም፣ እለፊው። ግን ከሰርግ በኋላ ያለው ታሪክ ድሮም ነበር። ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 ባሳተመው ላይ የተኛችው ልዕልት ተነስታ፣ አግብታ ሁለት ልጅ ትወልዳለች። አማቷ ሰው በላ ናት። ልጆቹን ሰርታችሁ አቅርቡልኝ ስትል ወጥ ቤቱ በበግ ጠቦትና በፍየል ግልገል ሸውዶ ያድናቸዋል። አውሮራ የሚለውም ስም እዚያ ላይ የልጅቷ ነው፣ የእናትየዋ አይደለም። ግሪሞች ጋ ሲደርስ ይሄ ሁሉ ቀርቶ ታሪኩ ሰርጉ ላይ አለቀ።

እኔም ማታ ማታ ስተርትልሽ «ተረቴን መልሺ፣ አፌን በዳቦ አብሺ» ብዬ ልተኛ ስል አንቺ «ከዚያስ?» ትይኝ ነበር። አገቡ ስልሽ «ከዚያስ?» ወለዱ ስልሽ «ከዚያስ?» የአንቺ ሰርግ ግንቦት ላይ ነው። ከዚያስ የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሻት ነው። አኩርፋ ትነሳለች። ተያት ታኩርፍ። ካልሲዋን አቀብያት።

የወደድሽው የፊልሙ መጨረሻ ላይ ዱላው የሚታዘዘው ለአንዳሌዢያ፣ ለጂዜል የካርቱን አገር፣ ልጅ ብቻ ነው። ሞርጋን እዚያ አልተወለደችም። ጂዜል ግን አንቺ ልጄ ነሽ ብላ ሰጠቻት፣ ዱላውም ታዘዘላት። አየሽ፣ «ልጄ ነሽ» ማለት የአንቺ ነው። ይሄን በፈለግሽው ጊዜ በያት። «እናቴ ነሽ» ማለት ግን የእሷ ነው። ሞርጋን እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀባት? አንቺ ደግሞ እስከዛሬ እቴቴ ነው የምትይኝ። ለጉዞሽ ፎርም ስትሞዪ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው በሚለው ላይ የእኔን ስም ጻፍሽ። ዝምድና በሚለው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «እቴቴ» ብለሽ ሞላሽና አባትሽ እስኪያስለው ሳቀ። የፎርሙን ኮፒ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ «እማዬ በይኝ» አትበያት። ምን ልበልሽ ብላ ራሷ ትጠይቅሽ።

በርበሬውና ሽሮው ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሐሙስ ይደርስሻል። በርበሬውን እንደደረሰሽ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፣ ያለፈው ጊዜ ነቅዞብሻል። መስታወቱን አልጣልኩትም። እጇ አሁንም እላዩ ላይ አለ፣ ደብዝዟል እንጂ ጣቶቿ ይለያሉ። በጥጥ ጠቅልዬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሬዋለሁ። በሰው እጅ አልክም፣ ይሰበራል። ለሰርጉ ስንመጣ ራሴ ጉያዬ ውስጥ ይዤው እመጣለሁ።

የልጅቷን የሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ አዝዣለሁ። ከአንቺ ጋር አንድ ዓይነት ጥለት ይሁን ያልሽውን ትቼዋለሁ። በቴሌግራም የሦስት ጥለት ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁና ወርቃማው። አንቺ ምንም ሳትይ ስልኩን ስጫት፣ ራሷ ትምረጥ። ቀሚስ አልፈልግም ካለችም ይሁን፣ ሱሪዋን ለብሳ ትምጣ። ከመረጠች ግን ወገቧንና ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያለውን በሴንቲሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። ሰፊው እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።

እቴቴ